የሳብሪን አቂቃ አጥንቶች

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ኸሊል፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናህን ያብዛልህ፤ ቤትህን በራሕመቱ ይጠብቅልህ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ዛሬ አምስት ቀኗ ነው። ሳብሪን ብለናታል። ሰባት ዓመት ጠብቀን ስላገኘናት ቤቱ ሁሉ እየፈራ ነው የሚያቅፋት።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። አቂቃዋ፣ የልደቷ ፍየል፣ ጅጅጋ እንዲታረድ ባሌን ሳማታርን ለምኜው እሺ ብሏል። እዚህ የእኔ ወገን የሚባል ሰው የለም። የልጄን አቂቃ ሥጋ የአባቴ ሰፈር ሰው እንዲቀምሰው ፈለግኩ። እናቱ እማማ ሀሊሞ ግን «ዓይኔ ያላየውን እንዴት አምናለሁ?» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋለች። በመጨረሻ ያዘዘችው ይህን ነው፦ ፍየሉ እንከን የሌለበት ይሁን፤ መጥረቢያ አይንካው፤ በየመገጣጠሚያው ይበለት እንጂ አንድ አጥንት እንኳ እንዳይሰበር፤ ከተበላ በኋላ አጥንቱ ተሰብስቦ ይቀበር። የልጅቷ አጥንት ሙሉ እንዲሆን ነው። አንተም ታውቀዋለህ፤ ለእኛም እንዲሁ ተደርጎልናል።

ለምን እንደማልደውል አትጠይቀኝ። እዚህ ቤት ስልክ ድምፁ ተከፍቶ ነው የሚወራው። ሳማታር ሹፌር ስለሆነ የሚነገር አማርኛ ይሰማል፤ ማንበብ ግን አይችልም። የእኔ የምለው ወረቀቱን ብቻ ነው። ዋሪስ የሚባል የሥራ ባልደረባው በየወሩ በደወሌ ድንበር በኩል ድሬዳዋ ይመላለሳል። መልስህን በእሱ ላክልኝ።

እህትህ ረቢዓ

—

ጅጅጋ፣ ጥር 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረቢዓ፣

ወዐለይኪ ሰላም። እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ። ልጅቷን ለእናት ለአባቷ ያሳድግላችሁ።

አቂቃው በሃያ አንደኛው ቀኗ ወጥቷል። ፍየሉን የቱሊ ጉሌድ ሰው አመጣልኝ፤ ጥርሱንም ቀንዱንም አይቼ ነው የተቀበልኩት። ሼኽ ማሃሙድ አረዱት። ሥጋ ሻጩ ዐብዲወሃብ ጣት በምታክል ቢላዋ ብልቱን አወጣ። ጎረቤቱን ሁሉ «አጥንት መስበር የለም» ብዬ አስጠነቀቅኩ። አንድ ሽማግሌ ጭን ይዘው እያገላበጡ «መቅኒ የማይመጠጥበት ድግስ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ልጅቷ ስታገባ ጠርታችሁ ካሡኝ» ብለው ሰዉን አሳቁት። በልተው መርቀው ሄዱ።

የሚቀጥለውን ሳትቆጪ አንብቢ። አጥንቱን አልቀበርኩትም።

እኛ ትምህርት ቤት በአማርኛው ክፍል ሰባተኛ ክፍል ዘጠና ሁለት ተማሪ አለኝ። አከርካሪ ያላቸው እንስሳት አምስት ምድብ ናቸው ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ዓሣዎች፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ ገበሎ አስተኔዎች፣ አዕዋፍ፣ አጥቢዎች። እነሱ ይገለብጣሉ። ለፈተና ይሸመድዱትና ከፈተና በኋላ ይረሱታል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። አከርካሪ ምን እንደሚመስል ግን አንድ ቀን እንኳ በእጃቸው አስይዤ አላውቅም። የሥጋ ቤት አጥንት ሁሉ በመጥረቢያ የተፈለጠ ነው። ሙሉ አጥንት ያለው ፍየል ከአቂቃ በቀር ከየት ይገኛል?

ሼኽ ማሃሙድን ጠየቅኳቸው። «አለመስበሩ ለልጁ ጤና መልካም ምኞት ነው፤ መቅበሩ ልማድ ነው። ልጆች ከተማሩበት ምን ክፋት አለው?» አሉኝ። ስለዚህ ቀቅዬ አጸዳሁት። በሽቦ ሰክቼ አቆመዋለሁ። ሽቦው የሚያልፈው የጀርባው ነርቭ በሚያልፍበት ቀዳዳ ነው፤ መብሳት አያስፈልገውም።

ለአምስቱም ምድብ የሚሆን መደርደሪያ ከአሮጌ ዴስክ አሠርቻለሁ። ዓሣ ጅጅጋ የለም። አንቺ ባሕር አጠገብ ነሽ።

ወንድምሽ ኸሊል

—

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጋሼ ኸሊል፣ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። አላህ ከክፉ ነገር ይሰውርህ።

ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ወር ዝም ያልኩት ተቆጥቼ ነው። ቀድመህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ለእማማ ሀሊሞ «ተቀብሯል፣ ከአባቴ መቃብር አጠገብ ነው» ብያታለሁ። አንተ ወረቀት ላይ ባትጽፈው እኔ ባልዋሸሁ። ከእንግዲህ ይህን ነገር አንዳችን ለአንዳችን አናንሳ።

ዓሣውን ባለፈው ጉዞ ያለ ደብዳቤ ልኬልህ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ ቀስ ብዬ ሥጋውን ያነሳሁት፤ ቤቱ ሦስት ቀን ሸተተ። ደወሌ ላይ ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ዋሪስ «የአስተማሪ ነው» አለው። «ተበልቶ ያለቀ ዓሣ?» «እሱ አይበላውም፤ ያስተምርበታል።» ፈታሹ አሸዋ ሲያቃጥለው የዋለ ሰው ነው፤ «የዚህ አገር አስተማሪ እዚህ ደርሷል ማለት ነው» ብሎ አሳለፈው አሉ።

ሳብሪን አንገቷን ታቀናለች። ትስቃለች።

ረቢዓ

—

ጅጅጋ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረቢዓ፣ አላህ አንቺንም ልጅሽንም በዓፊያ ያቆይልኝ። ሳማታርን ሰላም በይልኝ።

ዓሣው በደህና ደርሷል። ከመደርደሪያው ሁሉ ቀድሞ የቆመው እሱ ነው። የጎን አጥንቱ እንደ ማበጠሪያ ነው፤ ልጆቹ ያስቆጠሩኛል። ውኃ ውስጥ በስንጥብ እንደሚተነፍስ ነግሬያቸው አንዱ «ቲቸር፣ ታዲያ ደወሌ ሲደርስ ሞተ ማለት ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሲያውካካ ደቂቃዎች ሄዱ።

እንቁራሪቷን ያገኘሁት በክረምቱ ከመስጊዱ ጀርባ የተኛ ውኃ ውስጥ ነው። ልጅነቷን በውኃ፣ እድሜዋን በየብስ። መቀቀል አልቻልኩም፤ አጥንቷ እንደ ክር ነው፣ ይሟሟል። ጉንዳን ቤት አጠገብ አስቀመጥኳትና ጉንዳኖቹ በአራት ቀን ጨረሱልኝ። አከርካሪዋ ዘጠኝ ብቻ ነው፤ የጎን አጥንት የላትም። ኤሊዋን ተማሪ አመጣት፣ ሞታ ያገኛትን። ዋርዳ የምትባል ተማሪዬ «ቲቸር፣ ከቤቷ አውጥተህ አሳየን» አለች። አትወጣም። አከርካሪዋ ከድንጋይ ልብሷ ጋር አንድ ሆኖ ተጣብቋል። ገልብጬ ከውስጥ ሳሳያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ከወንበሩ ተነሥቶ ከበበኝ። ቁራው ከመብራት ሽቦ ላይ የወደቀ ነው። የክንፉን አጥንት ሲይዙት ክብደት የለውም፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ፍየሉም ቆሟል። አንገቱ ላይ ሰባት አጥንት አለ። ግመልም ሰባት፣ ሰውም ሰባት። ይህን ስነግራቸው ሁሉም እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ።

ርዕሰ መምህሩ መጥቶ አይቶ «ጥሩ ነው፤ ቁልፉን ግን አንተ ጋ አድርገው» ብሎ ሄደ። ደክሞኛል ረቢዓ። ይህን መደርደሪያ ባላይ ኖሮ ማስተማሩን ዘንድሮ እተወው ነበር።

ኸሊል

—

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሼ ኸሊል፣ ረመዳን ከሪም። ጾምህን አላህ ይቀበልልህ።

በኮሮና ጊዜ መንገዱ ተዘጋ፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ እኔ ነኝ የሰነፍኩት። ይቅር በለኝ።

አንተ አስተማሪ ነህና ልጠይቅህ። ሰው ጀርባው ላይ ስንት አጥንት አለው? ከፍየል ጋር እኩል ነው? ከወገብ ከፍ ብሎ አንዱ አጥንት ወደ ውጭ ቢወጣ፣ እብጠት ሳይሆን አጥንቱ ራሱ፣ ምን ይባላል?

ሳብሪን ሦስት ዓመቷን አልፋለች። ከሁለት ወር ወዲህ ወድቆ የሚነሳ ነገር ሲኖር አትጎነበስም፤ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ በጉልበቷ ቁጢጥ ትላለች። ማታ ማታ ያተኩሳታል። ትናንት ሳጥባት እጄ ላይ የሆነ ነገር ቆረቆረኝ።

ረቢዓ

—

ጅጅጋ፣ ግንቦት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ረቢዓ፣ አላህ ልጅሽን ያሽርልሽ። ሰላምታውን አሳጥሬያለሁ፤ ዋሪስ ዛሬ ይመለሳል ስላሉኝ ነው።

ሰው አንገቱ ላይ ሰባት፣ ደረቱ ላይ አሥራ ሁለት፣ ወገቡ ላይ አምስት አለው፤ ከዚያ በታች ያሉት ይያያዛሉ። ከፍየል በቁጥር ትንሽ ይለያል፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። ልብ፣ ደምና አጥንት ላይ እኛና ፍየል አንድ ምድብ ነን።

ይህ ግን ለአንቺ ምንም አይጠቅምሽም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገ ሳትዪ ሆስፒታል ውሰጂያት፤ ራጅ ይነሳላት። ትኩሳት መኖሩን ንገሪያቸው። ማንም ጀርባዋን እንዳያሻት።

ኸሊል

—

ጅቡቲ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሼ ኸሊል፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

የአጥንት ቲቢ ነው። ሁለት አጥንት በልቷል። ሐኪሟ «በጊዜ መጣችሁ፤ ክኒኑን አሥራ ሁለት ወር ሳታቋርጥ ከወሰደች ትድናለች፤ ካቋረጠች እግሯ ይያዛል» አለችን። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምራለች። መድኃኒቱ በነፃ ነው። በየጠዋቱ በውኃ አሟሙቼ እሰጣታለሁ፤ ትተፋዋለች፤ እንደገና እሰጣታለሁ። ከስታለች። ሽንቷ ቀይ ይሆናል። ሐኪሟ የመድኃኒቱ ቀለም ነው አለች፤ እማማ ሀሊሞ ግን ደም ነው ብላ ጮኸች።

አሮጊቷ «ይህ የሐኪም በሽታ አይደለም» አለች። ከአሊ ሳቢህ ወዲያ ገጠር ውስጥ በጋለ ብረት ጀርባ የሚተኩስ ሰው አለ። ክኒኑን አስቁመን እዚያ እንውሰዳት ትላለች። የተረፉላትን ልጆቿን ያዳነችው በዚህ ነው፤ ክፋት የላትም ጋሼ፤ ልጅቷን ከእኔ በላይ ታቅፋታለች። ሳማታር አንድ ቀን ከእኔ ጋር ነው፣ አንድ ቀን ከእናቱ ጋር።

ባለፈው ሳምንት ሁላችንም በተቀመጥንበት ጠየቀችኝ፦ «የዚህች ልጅ አቂቃ አጥንት ተሰብሮ ነበር?» «አልተሰበረም» አልኳት። «ማን አየ?» «ጋሼ።» «እንግዲያው እሱ ወላሂ ብሎ ይጻፍ። ካልተሰበረና ከተቀበረ ሐኪሟን እሰማለሁ። ከተሰበረ ግን ክኒን የሚያድነው ነገር አይደለም፤ እኔ የማውቀው መንገድ ይደረግ።» ሳማታር እሺ አለ። በእናቱ ፊት ነው የተናገረው፤ አይመልሰውም።

ወረቀቱን በሱማሊኛ እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ። ሁለት መስመር ብቻ ጻፍልኝ፦ አልተሰበረም፣ ተቀብሯል፣ ወላሂ። መደርደሪያው ላይ ያለውን አንሥተህ ቅበረውና እውነት አድርገው። ፍጠን።

ረቢዓ

—

ጅጅጋ፣ መስከረም 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረቢዓ፣ አላህ ለሳብሪን ዓፊያ ይስጣት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ትምህርት የተከፈተበት ሳምንት ስለሆነ ጊዜ አጣሁ። ዘንድሮ ዝናብ የለም። ከኤረር ወዲህ መንገዱ ዳር የወደቀ ከብት ነው፤ ተማሪዎቹ አጥንት ሳልጠይቃቸው ያመጡልኛል፤ መልሱት እላቸዋለሁ። የዋርዳ ቤተሰብ ከሠላሳ ፍየል ሁለት ቀርቷቸዋል። ዘንድሮ መደርደሪያውን አልከፈትኩትም።

ለባልቴቷ ሐኪሟ ራሷ ብታስረዳት አይሻልም? ሼኽ ማሃሙድም አጥንት በልጅ ላይ በሽታ አያመጣም ይላሉ። እሳቸው ይጻፉ?

ክኒኑን አታቋርጪ።

ኸሊል

—

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ ኸሊል፣

ስለ ዝናብ ጻፍክልኝ። ስለ ከብት ጻፍክልኝ። የጠየቅኩህን አልጻፍክልኝም።

ሐኪሟ አስረድታለች። አሮጊቷ አዳምጣ «ልጄ፣ አንቺ ከመወለድሽ በፊት ስድስት ልጅ ቀብሬያለሁ» አለቻት። የሼኽ ወረቀት አልፈልግም፤ እዚህም ሼኽ ሞልቷል፤ እነሱም እንደዚያው ነው የሚሉት። የጠየቀችው የአንተን ዓይን ነው።

ለኅዳር መጨረሻ መኪና አነጋግረዋል። ወረቀቱ ካልመጣ ልጅቷን ይወስዷታል። እኔን ያሳደግከኝ አንተ ነህ። ምንድን ነው የያዘህ?

ረቢዓ

—

ጅጅጋ፣ ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለረቢዓ፣ አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን።

መጀመሪያ እውነት የሆነውን ላስቀድም። ፍየሉ ተቀብሯል። ሐሙስ ዕለት ከሽቦው አወጣሁት፤ ከአባታችን መቃብር ግርጌ ክንድ ተኩል ቆፍሬ ቀበርኩት። ሼኽ ማሃሙድ ዱዓ አደረጉ። የጥበቃ ሠራተኛው ከረጢቱን አይቶ «ቲቸር፣ ደግሞ ማን ሞተ?» አለኝ። ይህን ወላሂ ብዬ እጽፋለሁ። አንብቢላቸው።

«አልተሰበረም» የሚለውን ግን መጻፍ አልችልም።

ከመጠን በላይ ቀቅዬው ነበር። እንዲነጣ ብዬ ሁለት ቀን እሳት ላይ አዋልኩት፤ አጥንቱ እንደ ኖራ ሆነ። ሽቦውን በአከርካሪው ውስጥ ሳሳልፍ ወገቡ ላይ ተያዘ። በፒንሳ ሳቀናው ከወገብ ሁለተኛው አጥንት እጄ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ጣልኩት። በማግሥቱ ከዐብዲወሃብ ሥጋ ቤት የሌላ ፍየል አጥንት ለምኜ በቦታው ሰካሁ። ሦስት ዓመት ልጆቹ ሲቆጥሩት አንድም ሰው አላወቀም። አንቺ ስለ ሳብሪን ጀርባ የጻፍሽልኝ ቀን እኔም የፍየሉን አጥንት ቆጠርኩ፤ ቦታው ያው ይመስላል።

ቲቢ ከምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። በትንፋሽ ይገባል፤ በደም ይሄዳል፤ አጥንት ላይ ይቀመጣል። የእኔ ፒንሳ ጅጅጋ ነው፣ ልጅቷ ጅቡቲ። ይህን ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከሚያዝያ ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለኝም፤ ለምን እንደሆነም ልነግርሽ አልችልም።

አልተሰበረም ብዬ በአላህ ስም መማል አልችልም። ባልምል ልጅቷን ይወስዷታል። ሁለቱንም አውቃለሁ። ስድስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። አማርኛ የምታነቢው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሸክሙን ወደ አንቺ መግፋቴ እንደሆነም አውቃለሁ።

ኸሊል

—

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሼ ኸሊል፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ወረቀቱ የደረሰው መኪናው ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ዋሪስ እኔ ብቻዬን ሳለሁ አልሰጠኝም፤ እራት ላይ በሁሉም ፊት አቀበለኝ። አሮጊቷ «አሁኑኑ አንብቢው» አለች። ለራሴ እንኳ ቀድሜ አላነበብኩትም።

ቆሜ አነበብኩ። የመቃብሩን ክፍል እንደጻፍከው ነገርኳቸው። ወደ ፒንሳው ስደርስ ድምፄ ቆመ። እማማ ሀሊሞ «ምን አለ? ቀጥይ እንጂ» አለች። ቀጠልኩ። አንድም አጥንት አልተሰበረም፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወላሂ ይላል አልኩ። አንተ ያልማልከውን በስምህ ማልኩ። ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ አንተ አትካፈለው።

አሮጊቷ «እንግዲህ ክኒኗን አምጡ፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምሰጣት» አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ «ወረቀቱን ሳጥኔ ውስጥ ላኑረው» አለችኝ። ቤታችን አማርኛ የሚያነብ እንግዳ ይመጣል። ሳማታር ከእጄ ወሰደው። ዓይኑን ጣል አድርጎ አጠፈውና «ከመኪናው ሰነድ ጋር ይቀመጥ፤ እዚያ አይጠፋም» አላት።

ትናንት መድኃኒት ልናወጣ አብረን ሄድን። ሳብሪን መሀላችን ተኝታለች። መብራት ላይ ቆመን ሳለ ወደ ፊት እያየ «ዐብዲወሃብ ያን አጥንት በነፃ ነው የሰጠው?» አለኝ።

ዞሬ አየሁት።

«አሥራ ሁለት ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ትራፊክ የሚጽፍልኝን የቅጣት ወረቀት ማን የሚያነብልኝ መሰለሽ?» አለ። «ጋሼሽ እናቴን ባልቴቷ ያላትንም አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

መብራቱ ለቀቀ። ከኋላችን ያለው ጥሩንባ ነፋ። «ልጅቷ ክኒኗን ትጨርስ፤ ስለ ፍየሉ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለኝና ነዳ።

ሰባት ወር ይቀራታል።

ረቢዓ